ሲግል ይጠፋል

ለሦስተኛ ጊዜ በገመድ ተስባ
ነጯ ሚኒባስ ቆመች፣ ጋራዤ ልትገባ፤
ረፋዱ ገና ነው፣ ገላን በአቧራ አብባ።

ሹፌሩ አስቻለው ከጋቢናው ወርዶ
እጁን አወናጨፈ፣ ፊቱ በንዴት ነዶ።
ከንፈሩን ተከተልኩ። ግማሹን ገመትኩ፤
«ሲግል ይጠፋል» ያለ መሰለኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩ።
ቀሪውን ቢፍቱ ናት፣ ጠጋ ብላ የነገረችኝ፤
እሱ ያለውን ሁሉ ጮክ ብላ የደገመችልኝ፦

«ጠዋት ግሩም ናት፣ በአንድ ቁልፍ ትነሣለች፣
ቃሊቲ መናኸሪያን እንደ ሙሽራ ታልፋለች፤
ሰው ጢም ብሎ ሞልቶ ፀሐይ ሲበረታባት
ቀጥ! መሪው ደርቆ፣ ዳሽቦርዱ ቀይ በርቶባት።
ሃያ ደቂቃ ቆማ ነፋስ ከመታት ወዲያ
ትነሣለች ደግሞ፣ አድርጋኝ መሣለቂያ።»

አርባ ዓመት የሠራሁት በጆሮዬ ነው፤
ቫልቭ ሲንኳኳ፣ ቺንጋ ሲያፏጭ፣ ኩሽኔታ ሲያቃስት የማውቀው
ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ነው።
የካቻቢቴን ጫፍ ከብረት፣ እጀታውን ከጆሮዬ
ካገናኘሁ አበቃ፤ ሌላ ምን ነበር ሙያዬ።
ከአቃቂ እስከ ዱከም «ዶክተር» የሚሉኝ ለዚህ ነበር፤
ዘንድሮም ይሉኛል፤ አላስተባብልም፤ ስም ለምን ይሰበር?
ተሳቢዎች ለጅቡቲ በአስፋልቱ ሲጎርፉ
አምና ያደነቁሩን ነበር፤ ዘንድሮ ኮቴያቸውን አጥፍተው አለፉ።
አስፋልቱን አደሱት እንዴ? አልኩ ለራሴ።

በፊተኛው ሳምንት ካንዴላ ቀየርኩ፤ አራቱንም።
ከዚያ የነዳጅ ፓምፑን፣ ማጣሪያውንም፤
ሶማሌ ተራ ድረስ ሄጄ በውድ ገዝቼ።
ከፈለኝ። ይኸው ዛሬም ገመዱን ፈታሁ፣ ጎንበስ ብዬ።

ቢፍቱ ትከሻዬን ነካ አደረገች።
(ሳትነካኝ ማናገር ከተወች ሰነበተች።)
«ጋሼ፣ የክራንኩ ሴንሰር ነው፤ ሲግል ዝም ይላል፤
ኮምፒውተሩ ደግሞ ‹ሞተሩ ቆሟል› ብሎ እሳት ይከለክላል።»
ሣቅሁባት። «አውራ ጣት የማትሞላ ፕላስቲክ ናት!
ሞተር ወሬ ሰምቶ ነው እንዴ የሚዞር? እስቲ ስሟት!»

አልመለሰችልኝም። አስነሥታ፣ ቆማ ጠበቀች።
የሙቀቱ መርፌ ወጣ፣ ወጣ።
ሞተሩ መጥፋቱን ያወቅሁት ከአስቻለው ፊት ነው።
ከሃይላንድ ውሃ በክዳኑ በስስት ቀድታ
ሴንሰሯ ላይ አፈሰሰች፤ ቁልፉን አዞረች፤ ተነሣች፣ ለአፍታ ሳታመነታ።
እንደገና ጋለ። ጠፋ። እንደገና ውሃ።
በሦስተኛው፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

ፒስተኑ ደህና ነው። ዘይቱ ንጹሕ፣ ቫልቩ ልክ፤
«እየዞርክ ነው» የሚለው አጥቶ ነው የሚንበረከክ።

ያገለገለ ሴንሰር፣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ብር፤
በአሥር ቁልፍ አንድ ብሎን። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ግርግር።
አስቻለው ዱከም ደርሶ ተመለሰ፤ ጥሩምባ ሳይነፋ አልቀረም፤
ቢፍቱ እጇን ስታነሣ አየሁ እንጂ፣ እኔ አልሰማሁም።

«አታጥፋው» አልኩት። ኮፈኑን ከፈትኩ።
እሱ ብር ሲቆጥር ጀርባዬን ሰጥቼ፣
የካቻቢቴውን ጫፍ ከብረቱ አስጠግቼ
እጀታውን ነከስኩ፣ በቀሩኝ ጥርሶቼ።
መንጋጋዬ ውስጥ ገባ፤ ትርታው፣ ዙሩ፣ ጉልበቱ፣
በር ሳያንኳኳ እንደሚዘልቅ ዘመድ ወደ ቤቱ።

«ይሰማዎታል?» አለች። ከንፈሯን አየሁ።
ጆሮዬን ይሁን አገጬን የጠየቀችው፣ እንጃ፤ አልጠየቅሁ።
«ይሰማኛል» አልኩ፣ እጀታውን ከአፌ አውጥቼ።
«ሦስተኛዋ ካንዴላ ትተነፍሳለች፤
እኔ ነኝ ሳላጠብቅ የተውኳት፣ ረስቼ።
አሥራ ስድስቷን ቁልፍ አምጪ።»