ለባለቤቱ

አልዩ አምባ ላይ፣ ጉም ከአንኮበር ወርዶ ደጃፍ ሲተኛ፣
አጉሊ መነጽር ካንገቱ ያሠረ አንድ መንገደኛ
ከወንድሜ የሽመና ጉድጓድ አጠገብ ተቀመጠና
«የኩሉን ቢልቃጥ አሳዩኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገና።

እናቴ ሙሚና ከሣጥን ሥር፣ ከነጠላ እጥፋት ፈታቻት።
ከጭብጥ አትበልጥም፤ ትንሽ ናት።
ክዳኗ ላይ ሐረግ ተጠማዞ፣ ጥንቸል ከሥሩ አድፍጣ፣
ጭልፊት ከላይ ክንፉን ሰብስቦ፣ ሊወርድ ሲል፣ ሳይመጣ፤
አንዲት ሚዳቋ አንገቷን አዙራ፣ አንድ እግሯ የጎደለ፣
ልጅ ሆኜ በጣቴ ስከተላት፣ አዳኟ የት እንዳለ
ሳላውቅ ጥርሴን ነቅዬ አደግኩ።

ሰውየው መነጽሩን አስጠግቶ ፊደሉን አንድ ባንድ ቆጠረ።
«የኩፋ ጽሕፈት፤ ምናልባት ግብፅ፤ ስምንት መቶ ዓመት የኖረ፤
‹በረከት ለባለቤቱ› ይላል። ከዚያ ወዲያ ስንጥቅ ነው።
ስሙ ወድቋል። ስሙ ቢኖር ዋጋዋ ሌላ፣ አሁን ግን ግማሽ ነው።
ደግሞ ይኼ ጥቁር እድፍ፣ ከየሐረጉ ሥር የተጋገረ፣
ለዘብ ባለ ውሃ ይታጠባል፤ ጥርሱ እኮ ነጭ ነበረ።»

የእናቴ ጥርስ አልከደን አለ።
«እድፍ? የሙሽራ ዓይን ነው እንጂ፤ የአያቴ፣ የእናቴ፣ የእኔ፤
መኳያው እንጨት ሲገባ ሲወጣ የቀረ፣ እስከ ዘመኔ።
ይኼን ካጠብከው ሚዳቋዋን በምን ዓይንህ ልታያት?
ነጭ በነጭ ላይ፤ በቃ፣ ሄደች በል፤ ጉም ዋጣት።»

አባቷ ሸህ ጁሃር ሲያወጉ፦ አንድ ዝሆን ወድቆ ከቆላ፣
ጥርሱ በግመል ጀርባ በኢፋት አልፎ፣ ወርዶ ወደ ዘይላ፣
ባሕር ተሻግሮ፣ ጠራቢ እጅ ገብቶ፣ በመጋዝ ተበላ።
ዘመን አልፎ አንድ የኛ ሰው፣ ከሐጅ ሲመለስ ኋላ፣
ለሚስቱ ቢልቃጥ ብሎ ገዛው። አላወቀውም።
ቆላውን ያናወጠው አውሬ፣ ጉያው ውስጥ እንደ ጠጠር ቀሎት
ዳገቱን ወጣ። እውነት ይሁን ተረት፣ የጻፈ የለለት።

ሰውየው ዋጋ ጨመረ። እናቴ ክዳኑን ገጠመች፤
«ስሙ ወደቀ አልከኝ፤ አልወደቀም» አለች፤
«ጥርስ የማን ነው? ከበቀለበት ሌላ ባለቤት አያውቅም።
እኔም ጠባቂ ነኝ። አደራ አይሸጥም።»

ወደ ማታ ጉሙ ተነሣ፤ እስከ አዋሽ ሜዳው ተገለጠ፤
ግራር፣ ነፋስ፤ የዝሆን መንገድ በሣር የተዋጠ።
እናቴ ዱዓ ላይ ለየሰዉ ስም እየጠራች ነበር የምትለምን፤
ያን ምሽት ስም ሳትጠራ፣ እጇን ወደ ቆላው ዘረጋች፤
እኔም አልኩ፦ አሚን።