ከሞላ ጎደል

ፖስተኛው ደረሰ፣ ብስክሌቱን አቁሞ፣
ከሰፈሩ ሁሉ የኛን ደጅ አስቀድሞ።
ፖስታዋ ትንሽ ናት፣ ስትነካ ትንኳኳለች፣
ከኦሳካ ተነሥታ ባሕር ተሻግራለች።
ጡቧ አራት ክሮነር፣ መላኪያዋ ስድሳ፣
የጉምሩኩ ደግሞ አለ፣ እሱም እንዳይረሳ።

ሰማያዊው ደብተር የኔ ነው፣ የኢንገሊሴ፣
የቤቱን ወጪ ሁሉ የምጽፍ በራሴ፤
ድንቹ በአንድ ዓምድ፣ መብራቱ በአንድ ዓምድ፣
በስተጥግ የፕሬበን፣ ስም ያጣሁለት ጉድ።

የመጫወቻ ጡብ ነው፤ ተገጣጥሞ ሲያልቅ
መርከብ ይወጣዋል፣ አፉን ከፍቶ የሚስቅ፤
ስድስት ትንንሽ መኪና በሆዱ ይውጣል፣
ባለ ቢጫ ኮፍያ መርከበኛ ቆሟል።
ፋብሪካው ካቆመው አርባ ዓመት አለፈው፤
የቀረን ነገር ነው ገበያ የሚያተርፈው።

ካርቶኑ ከኦዴንሴ በባቡር ሲወጣ
«ከሞላ ጎደል ሙሉ» የሚል ቃል አመጣ፤
ቆጠርን እስከ ሌሊት፣ ወለል ላይ ዘርግተን፣
ሞላውን ሳናየው ጎደሉን አገኘን።

ነጩ ቢጫ ሆኗል፣ እንደ አጫሽ ጥርስ ሁሉ፤
ባንዱ ላይ የሕፃን ንክሻ አለ በሙሉ።
ማንጫ መድኃኒት ገዝቶ በሳህን ነከረው፣
የሐምሌን ደመና በስድብ አሳፈረው።
ቡናማው ጡብ ሲነካ እንደ ብስኩት ይደቃል፣
አንዱን ላውጣ ሲል ሁለት ከእጁ ይወድቃል።
መመሪያዋ መጽሐፍ ገጽ ዐሥራ አንድ የላትም፤
ያቺን ገጽ ብቻዋን የሚሸጥ አልጠፋም፦
የሐምቡርጓ ሴትዮ ስትደራደር ዋለች፣
ለአንድ ቅጠል ወረቀት መቶ ሰማንያ አለች።

መስኮቱ ሦስት መቶ፣ መልህቁ ስልሳ ሁለት፤
የባንዲራው እንጨት፣ እንዴት ብዬ ልጥራት፣
ከጥፍሬ ታንሳለች፣ ስንጥር ትመስላለች፣
የሳምንቱን ዓሣ ብቻዋን በልታለች።
ቦርንሆልም ልንሄድ ነበር፤ ለከርሞ ነው አልን፣
ከርሞም ሲደርስልን የመርከብ መሰላል ገዛን።
የግራ መንጋጋዬ ጥርስ ከወለቀ ወዲህ
ሐኪሙ ዋጋ ነግሮኝ፣ ደብተሬ አለኝ እንዲህ፦
«የሰው ጥርስ ይቆያል፣ ጡቡን ሰው ይነጥቃል።»
እኔም ተስማማሁ፤ በቀኝ ማኘክ ይበቃል።

«ለምን ዝም ትያለሽ?» ትለኛለች ማይብሪት፣
ልጃችን፣ በስልኩ፣ አንድ እሑድ፣ በንዴት።
እሷ አላየችውም አባቷን ያን ጊዜ፤
ትምህርት ላይ ነበረች፣ ሩቅ፣ ከእኛ ትካዜ።
ሃያ ስድስት ዓመት በጀልባ የሠራ፣
ገመድ የጠቀለለ፣ መኪና የመራ፣
ድልድዩ ሲከፈት፣ ዩኒፎርሙን አጥፎ፣
ከኮርሶር ወደብ ወጣ፣ የምሳ ዕቃውን አቅፎ።
ሰባት ወር ሙሉ መስኮት ላይ ተቀመጠ፣
ሰው ባልተሳፈረበት ባሕር ላይ አፈጠጠ።
ጀልባም እንደ ጡቡ፣ ከቀረ ቀረ ነው፤
ለሰው መለዋወጫ የትኛው ሱቅ አለው?

ይህን ግን አልነገርኳት፤ ደብተሬም አያውቀው።
ባለፈው ኅዳር ነው፤ አንዲት ጡብ ቀረችው፣
ጥቁር፣ ለጭስ ማውጫው አናት ላይ መድፊያ፤
«ነገ ነው» ብሎ ተኛ፣ ሳይነካት እስከዚያ።
ነገን አሰብኩት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ወር፣
መስኮቱን፣ ወንበሩን፣ ያንን ባዶ ባሕር፤
በባዶ እግሬ ወርጄ፣ መብራት ሳላበራ፣
ጡቧን ኪሴ ከተትኩ፣ እጄ እየፈራ።

ሲነጋ በጉልበቱ ወለሉን አሰሰው፣
የመጥረጊያ ማሽኑን ሆዱን አፈረሰው።
እኔም አብሬ ፈለግሁ፣ ሶፋውን አንሥቼ፤
ሃያ ክሮነር አገኘሁ፤
ጻፍኩት ከገቢው ላይ፣ ሳልደብቅ፣ አውጥቼ።
ከዚያ መነጽሩን ሰክቶ ፍለጋ ጀመረ፤
ፊቱ፣ ልማልላችሁ፣ ወጣት ሆኖ አደረ።

ይኸው «መቀስ አምጪ» ይለኛል ተጣድፎ፣
ፖስታዋን እንደ እንቁላል በሁለት እጁ አቅፎ።
አመጣሁ። ደብተሬን ገለጥኩ። በዚያ ዓምድ
እርሳሴን አርጥቤ ጻፍኩበት ስም አንድ፦
«የመሳፈሪያ ሒሳብ።»

ምላሴ በግራ፣ ባዶው ቦታ ገብቷል።
«ኢንገ!» ሲል ሰማሁት፤ «መልህቁ የት ሄዷል?»