ገጽ አርባ አንድ፦ የተገኙ ትምህርቶች

አርባ ገጽ ሞልቻለሁ፣ ሠንጠረዥ ከነቀለሙ፣
የሠለጠኑት ብዛት፣ የፈረሙት ከነስሙ፣
የነዳጅ ደረሰኝ፣ አበል፣ የአዳራሽ ኪራይ፤
አርባ አንድ ስደርስ ርዕሱ ብቻ ቀረ፣ ነጭ ወረቀት ላይ።

ከሰባ ደረጃ ግርጌ፣ ከጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል፣
ወይዘሮ እታለማሁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ከአቧራ ጋር ስትታገል፣
ታማሚው ስሙን ሳይጨርስ እጇ መደርደሪያው ላይ ይደርሳል፤
«አባትህ ስኳር ነበረበት» ትላለች፣ «አንተም ተመርመር፣ ይሻላል።»

ይህን ነው በፕሮፖዛሌ «ኋላቀር አሠራር» ብዬ የጻፍኩት፤
እሷን ልተካ ነው ሣጥኑን በታክሲ ጭኜ የመጣሁት።
ሪባን ተቆረጠ፤ ኃላፊው ከስክሪኑ ጎን ፎቶ ተነሣ፤
መብራት በሄደ ማግሥት አሮጌው ካርድ ከአቧራው ተነሣ።

ይህ እንኳ ቀላል ነው። ጄኔሬተር ይገዛል።

በሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣
አንዲት እናት ገባች፣ ጨቅላዋ ከነጠላዋ ሥር ሲቁነጠነጥ።
«የልደት ቀን?»
«ዛሬ ሌሊት። ጳጉሜ ሦስት።»
ወሩን ፈለግሁት፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር...
ነሐሴ ላይ ዝርዝሩ አለቀ። ከዚያ በታች ምንም አልነበር።

የሠራሁት እኔ ነኝ።
እኔ፣ በጳጉሜ ዝናብ ራቁቴን የዘለልሁ፣
«አሳድገኝ» ብዬ ሰማይ ለሰማይ የጮኽሁ፣
ከሌላ አገር የመጣ ቅጽ ፊቴ ሲቀመጥ
የወሮቹን ስም ተረጎምኩ፤ ስንት ናቸው ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

«ሰፈር?» «እሪ በከንቱ።» እሱም ከዝርዝሩ የለም።
«የቤት ቁጥር?» «ፈርሷል።» ማሽኑ «ፈርሷል» የሚል መልስ አያውቅም።
ቀይ ጽሑፍ ብልጭ አለ፦ «መረጃው አልተሟላም።»
ሕፃኗ አለቀሰች። እሷ ግን ሙሉ ነበረች፤ አንድ ጣት አልጎደላትም።

ወይዘሮ እታለማሁ አልተናገረችኝም፣ አልሳቀችብኝም።
የመድኃኒት ካርቶን ቀደደች፤ ጀርባው ላይ ጻፈች፦
«ሴት። ጳጉሜ ፫። ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ።
እናት፣ ትርንጎ። ከድልድዩ ማዶ፣
ከጫማ ጠጋኙ ጎን፣ ሰማያዊው ሸራ።»
ክትባቱ ሲደርስ ነርሷ ካርቶኑን ይዛ ወጣች፣
አንድ ሰው ብቻ ጠይቃ ደጃፉ ላይ ደረሰች።

እኔ ደግሞ፣ ቀዩ ጽሑፍ እንዲጠፋልኝ ብቻ፣
ልጅቱን መስከረም አንድ አስወለድኋት።

የትምህርት ቤቱንስ ልጻፍ? ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ፣
ሠላሳ ታብሌት ሰጠን፤ አቶ ወንድይራድ በቁልፍ ላይ ቁልፍ ጥሎ
ከቁም ሣጥን አኖራቸው፣ ዳንቴል አልብሶ እንደ ሙሽራ፤
«አንዱ ቢሰበር ከደመወዜ ነው» አለኝ፣ በእጁ ቁልፉን እያሻሸ በፍራ።
በስብሰባ ላይ ቀልድ አደረግሁት፤ ሁሉም ሳቀ።
ማታ የርክክብ ቅጹን ሳነበው ግን ሳቄ አለቀ፦
ተራ ቁጥር ሰባት፣ «ጉዳት ቢደርስ ተረካቢው ይከፍላል።»
አረፍተ ነገሩን አውቀዋለሁ። ከእኔ ኮምፒውተር ወጥቷል።

አሁን አስተባባሪው ደወለ። ነገ ጠዋት ይታተማል።
«በነጥብ በነጥብ አድርገው፤ ሦስት ነጥብ ይበቃል፤
ደስ የሚል ነገር ይሁን፤ ለጋሾቹ ያነቡታል።»

ሦስት። እሺ። ያለብኝም ዕዳ ሦስት ነው፤
ያቺ ልጅ ከዕድሜዋ የቆረጥሁባት፦
ጳጉሜ ሦስት።
ጳጉሜ አራት።
ጳጉሜ አምስት።

ጻፍኋቸው። ሌላ አልጨመርኩም።
ኅዳጉን ብቻ ሰፋ አድርጌ ተውሁት፤
እታለማሁ እስክሪብቶ አላት።