የሌሊት ዱካ

አባቴ በሽምብጥ ዳር፣ በቆሎው ሲያሸት፣
ማማ ላይ ያድር ነበር፣ ጉማሬ ሲጠብቅ ሌሊት።
ሲነጋ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን ያነባል፣
“እናት ናት” ይላል፣ “ግልገል ተከትሏታል፤
በደንገሉ በኩል ወጣች፣ በልታ አልጠገበችም፣
ዛሬም ትመጣለች፤ ሌባ አይደለች፣ አትቸኩልም።”

እኔ ማማ የለኝም። ከደረጃው በታች
አንዲት ኮምፒውተር አለች፣ አስም ይዟት የከረመች።
ቤቱ ሁሉ ይቀዳባታል፤ “የጋራ” የሚል ማኅደር፣
የስማቸው የቤት ሥራ፣ የአምሳል የዕቁብ ዝርዝር፣
ያምና የጥምቀት ፎቶ፣ ከጀልባ ላይ የተነሣ፣
ፔሊካን እንደ ሚዜ መሀል ገብቶ ደረቱን የነፋ።
ከደረሰኞቹም ሥር፣ “መብራት፣ ሚያዝያ” በሚል ስም፣
እኔ የደበቅሁት አንድ ወረቀት አለ፤ የመብራት ግን አይደለም።
የሐኪም ቤት ወረቀት ነው፤ ሁለት ቁጥር፣ አንድ ማኅተም፣
“በድጋሚ ይታይ” ይላል፤ ምን እንደሚታይ አይልም።

አንድ ቀን አየሁት፤ ያ ፋይል በሌላ እጅ ተከፍቷል፣
እኔ በተኛሁበት፣ ከሌሊቱ ስምንት ተኩል።

ያን ዕለት መዝገቡን አበራሁ፤
ማን ገባ፣ ምን ከፈተ፣ መቼ ወጣ፣ ጻፊልኝ አልሁ።
ጻፈች። ሰዓቷ የፈረንጅ ነው፤ ስድስት እየደመርሁ አነበብሁ፣
02:07፤ ስምንት ከሰባት። አንድ ስልክ ገብቷል። የማን ነው? አልሁ።
ስም የለውም ስልኩ፣ ቁጥርና ፊደል ብቻ፤
ሰሌዳው እያለ ባለቤቱ የማይታወቅ ባጃጅ፣ በጨለማ መንገድ ዳርቻ።

መጀመሪያ ሙሉቀንን ጠረጠርሁ፤ የጓሮ ተከራዬን፣
የዓሣ ማኅበሩን ሒሳብ ሠራተኛ፣ አምሽቶ የሚገባውን።
ቀና ብሎ ሰው አያይም፤ ጫማውን ከደጅ ያወልቃል፣
ዋይፋዩን በወር መቶ ብር ተዋውለን ይጠቀማል።
አልጠየቅሁትም። ሳልነግረው የይለፍ ቃሉን ቀየርሁት፤
ሦስት ሌሊት ከሆቴሉ አጥር ሥር ቆሞ፣ የሰው ዋይፋይ ሲለምን አየሁት።
አንድ ቃል አልተነፈሰም። በሠላሳው ኪራዩን ከፈለ፤
በአራተኛው ሌሊት መዝገቡ ላይ ያው ስልክ፣ ያው ፋይል አለ።

ከዚያ ልጄን። “ስማቸው፣ ሌሊት ምን ታያለህ?” “ኳስ” አለኝ።
ነጥቄ አየሁ፤ ኳስ ነበር። እስከ ማታ አላናገረኝ።

ከዚያስ? ከዚያማ እኔው ነኝ፤ መዝገቡን ዘርግቼ ባየው፣
ከመቶው መስመር ዘጠናው የራሴ ዱካ ነው።
ሌባ ልይዝ እየገባሁ፣ ሌባ ልይዝ እየወጣሁ፣
ጭቃውን እኔው አቡክቼ፣ የማንን ኮቴ እንደምለይ አጣሁ።

እሑድ ለት መብራት ጠፋ፤ ከሐይቁ ሸተተን እምቦጩ፣
ሲመለስ ስልኮቹ ሁሉ እንደ ወፍ ባንዴ ተንጫጩ።
የአምሳል አሮጌ ስልክ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣
ሸጥሁት ያለችኝ፣ ከአንሶላ ክምር ሥር ብርሃኑ ፈነጠቀ።

ቁጥሩን አስተያየሁ። አሥራ ሦስት ሌሊት። እሷ ናት።
አሥራ ሦስት ጊዜ ያን ወረቀት አንብባ፣ አሥራ ሦስት ጠዋት
“እንዴት አደርህ” ብላኛለች፣ ድምጿ ሳይሰነጠቅ፤
እኔም “ደህና” ብያታለሁ፣ ሁለታችንም ስንጠባበቅ።

ልቆጣት? ፋይሉን ልቆልፍ? ከደረጃው ሥር ተቀምጬ
ብዙ አሰብሁ፣ ጉልበቴን አቅፌ፣ የማማውን ብርድ ውጬ።
አዲስ ፋይል ከፈትሁ። በውስጡ ምንም አልጻፍሁ፤
ስሙን ብቻ፦ “ቀጠሮው ሐሙስ ሦስት ሰዓት ነው”። ተኛሁ።

ጠዋት አንድ መስመር፤ 04:51፣ ለአሥራ አንድ ዘጠኝ ጉዳይ።
አምሳል ቂንጬ ስታወጣ፣ ዐይኗን ከድስቱ ሳታነሣ፣
“ሐሙስ ባጃጅ ልያዝ፣ ወይስ በእግር ትችላለህ?” ስትለኝ፣
“ባጃጅ” አልሁ፣ እኔም ዐይኔን ሳላነሣ።

መዝገቡን ዘጋሁት። የቀረኝ የሙሉቀን ዕዳ ነው፤
አሁንም ከሆቴሉ አጥር ሥር ነው የማየው።
ዛሬ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ደጁ ላይ እቆማለሁ፤
አዲሱ የይለፍ ቃል “ጉማሬ” ነው፣ እለዋለሁ።
ለምን እንደ ቀየርሁት ከጠየቀኝ ግን፣ እንጃ።
መቶውን ብር እመልስለት ይሆናል።