ሁለት ሌት

ሸፊልድ፣ ሻሮው ሰፈር፣ ዳገቱ ሲጀምር፣
ሰሌዳ ተተክሏል ከቀይ ጡብ ቤት አጥር፤
«ቱ ሌት» የሚል ጽሑፍ።
ከዳቦ ፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣ ወጥቼ እዚያ ሳልፍ፣
ዐይኔን እንቅልፍ ይዞት፣ ሽፋሽፍቴ ዱቄት፣
ግማሹን በእነሱ፣ ግማሹን በእኛ አፍ፣
አነበብሁት፦ «ሁለት ሌት»።

«ለሁለት ሌት ብቻ ቤት ያከራያል ሰው?»
ብዬ ጎረቤቴን፣ ሚስተር ኦልድሮይድን፣ ብጠይቃቸው፣
ሳቁ፤ ሳል እስኪያንቃቸው።

አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት ስሕተት ሲለቅሙ የኖሩ፣
ዛሬም እርሳስ ከጆሯቸው ጀርባ ሳይሰኩ የማያድሩ፣
በአውቶቡስ ትኬት ላይ ሦስት ፊደል ጫሩና፣
«ይህ ስም» አሉኝ «የሁለት ባላንጣ ነው፤ አንዱ መንገድ የሚያቀና፣
ፍቀድ፣ ተው፣ ልቀቅ የሚል፤ ቤት የሚያከራየውም እሱ ነው።
ሌላው ግን እግር የሚይዝ፣ የሚያግድ፣ የሚያዘገይ፣
‹ዘግይቷል› ከምንልበት ቃል ጋር ከአንድ ማሕፀን የወጣው።
ዘመን ድምፃቸውን አሟሟው። ፈቃጁን ከከልካዩ ማን ይለይ?»

«ከልካዩስ የት ገባ?» ብላቸው፣
ከመሳቢያ አሮጌ ፓስፖርት አወጡ፦
«‹ያለ ሌት ይለፍ› ይላል፤ እዚህ ሌት ጋሬጣ ነው።
ቴኒስ ሜዳም ይገኛል። ኳሷ መረብ ነክታ ስታልፍ
‹ሌት!› ይባላል፤ የረታ የለ፣ የሚሸነፍ፣
ድገም ነው።»

ተራዬ ደርሶ፣ በትኬቱ ጠርዝ «አሉ» ብዬ ጻፍሁ።
«ይህ ሲላላ፣ ተናገሩ ነው፤
ሲጠብቅ፣ እዚህ ናቸው፣ አልተለዩም።
ወሬ ሲሆንም ‹አሉ› ነው፤ ማን እንዳለ አይታወቅም።
ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው።»
«እናንተ ዘንድ» አሉ፣ ደስ ብሏቸው፣
«አራሚ ምን ሠርቶ ይበላል?»

የካቲት ላይ፣ በረዶው ጭቃ ሲሆን፣
ሰሌዳው ቤት ቀየረ።
ከእሳቸው በር ነው የቆመው፤ ያው «ቱ ሌት»፣
አንድ ፊደል ያልታረመ።

የፈረቃ ጓደኛዬ ደምመላሽ
በስልክ ጻፈልኝ፦ «ሞቱ አሉ።»
ያቺ ትኬት ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበረች፣
ዱቄት ለብሳ።

ሁለት ሌት ሥራ አልገባሁም።
በሦስተኛው፣ ማሽኑ ሊጡን እያሸ፣
መልእክቱን ከፍቼ ደግሜ አነበብሁ፤
ሁለተኛውን ቃል
አጠበቅሁት።