ኬላ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ኬላ ጠብቄ ኖርኩ፣
ከባቲ የሚመጣ ጭነት እየበረበርኩ።
ከድንች ሥር ሲጋራ፣ ከጎማ ውስጥ ሽቶ፣
ከሬሳ ሣጥን ውስጥ ሞባይል ተሞልቶ።
ሹፌሩ ሲያስል ነው ውሸቱን የማውቀው፣
የእርሳስ ፕሎምቡን በጥፍሬ ዳስሼ የምለው፦
«ይሄ ሐሰተኛ ነው።»

እንዲህ ያለሁት ሰው፣
ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣
ሮዝ ክኒን አመለጠኝ፣ በገዛ ራሴ ቤት።

ሙህዬን በፋብሪካ «ክሩ» ነበር የሚሉት፣
ከድሩ ከማጉ ጋር እየቀላቀሉት።
እሱም ከጋራዡ ጓሮ፣ ሲሚንቶ በጣሳ
ሞልተው ባበጁት ብረት፣ ሲጥል ሲያነሳ፣
ሁለት ወር ሳይሞላ አንገቱ ሰፋ፣
የሸሚዙ ስፌት ተተረተረ፣ ክሩ ጠፋ።
የኮምቦልቻ ጎረቤት «ማሻ አላህ!» ሲል፣
እኔም ደረቴን ነፋሁ፣ የእናቱ ቂንጬ ነው ስል።

ወላሂ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ማከክ ጀመረው። ክንዱን፣ እስኪላጥ።
ሽንቱ እንደ ቆየ ሻይ፣
የዓይኑ ነጭ እርድ የነካው ሻሽ።
«አብሽር አባዬ፣ የማታ ፈረቃ ነው» አለኝ።
ሐሞተ ኮስታራ ልባል ብሎ የዋለ፣
ሐሞቱ መውጫ አጥቶ በዓይኑ ገነፈለ።

ሰኪና ከጢጣ መጣች፣ መድኃኒት ተማሪዋ።
ብልቃጡን አገላብጣ ዝም አለች።
ከዚያ ሰፌድ አቀረበች፣ ባቄላ ቆጠረች፦
ሦስቱ ባለ ስድስት ማዕዘን፣ አንዱ ባለ አምስት፣
ግድግዳ የሚጋሩ አራት ክፍሎች ሠራች።
«አሥራ ሰባት ፍሬ። የወንድ ሆርሞን አጥንቱ ይሄ ነው።
እንዲሁ ቢውጡት ጉበት ይቀበለዋል፣
ፈትቶ፣ በትኖ፣ ከንቱ ያደርገዋል፤
ጡንቻ ሳይደርስ ያልቃል።
ሰዎች ግን ዘዴ ፈለጉ።»
አንዲት ምስር ከሰፌዱ ጥግ አንስታ
ከአሥራ ሰባተኛዋ ባቄላ አስጠጋች።
«ይህችን ጨመሩበት። ይህችን ብቻ።
ጉበት ሊፈታው ሲል መፍቻው አይገባለትም፤
ይታገላል፣ ይታገላል፣ ይቆስላል፤
ክኒኑ ያልፋል።»

ምስሯን አየኋት። ፕሎምብ ናት፣
የተስተካከለች፣ ቁጥሯ የማይሳሳት፣
እኔም ኬላው ላይ ብሆን «እለፊ» የምላት።

አንድ ሌሊት ነበር፣ ሰኪና አታውቀውም፣
ካርቶን የጫነ አይሱዙ። ሹፌሩ አላሳለም።
«መድኃኒት ነው ጋሼ፣ ለሰው የሚጠቅም» አለኝ።
በእጄ ያስጨበጠኝን አልቆጠርኩትም።
ውሸቴን ነው። ቆጠርኩት።
የሙህዬን የትምህርት ቤት ጫማ ገዛ።

የደሴው ሐኪም «ክኒኑን ያቁም፣ ይታገሥ» ብሏል፤
«ጉበት ደግ ነው፣ ካልዘገዩበት ይመለሳል።»

ሥጋው እየወረደ ነው። ሸሚዙ ሰፋው።
ፋብሪካው ሲመለስ ምን እንደሚሉት አልጠየቅኩም።
በየማለዳው መስኮቱ አጠገብ አቆመዋለሁ፣
የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቴ ዝቅ አድርጌ
ነጩን ወደ ብርሃን እመልሳለሁ፣
እንደ ድሮው የጭነት ወረቀት።
«ነጣ?» ይለኛል።
«ቁም» እለዋለሁ፣
«ገና አልጨረስኩም፣ ቁም።»