የዘይቱ ድምፅ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሂርማታ ገበያ፣
ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ከጋራዡ ወዲያ፣
ዓሣ ስጠብስ ኖርኩ።
ክንዴ ላይ ነጥብ ነጥብ፣ ዘይት የጻፈብኝ፣
እስካሁን አለብኝ።
ሰዓት አልያዝኩበት፣ ዓይኔንም አላምን፤
ያመንኩት ጆሮዬን።
ዓሣው ሲገባበት ዘይቱ ይንጫጫል፣
እንደ ሐሙስ ገበያ ሁሉም ይናገራል፤
ኋላ ወሬው ያልቃል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣
ያን ጊዜ በስሏል።

ባለፈው ጥር ግን፣ ሆስፒታል፣ ወረፋ፤
አንድ ልጅ እግር ሐኪም ደረቴን አድምጦ፣
ወረቀቴን ገልጦ፣
«አባባ፣ ዘይት ይብቃ» አለኝ ነገሩን ቆርጦ።
«ዓሣስ?» አልኩት ፈርቼ።
«ዓሣማ ይብሉ እንጂ፤ ዘይት ውስጥ አያዋኙት።»
ያልዋኘ ዓሣ ምን ዓይነት ዓሣ ነው? ልለው አስቤ፣
ተራው የሌላ ሰው፤ ወጣሁ ኮቴን ሰብስቤ።

ነጂባ ሰማችኝ፤ ሳቀች ባለቤቴ፦
«ሃያ ሁለት ዓመት ጠብሰህ ጠብሰህ፣ ሻፊ፣
ዓሣ ቀምሰህ ታውቃለህ?
ዘይት ነው የቀመስከው፣ ዓሣው መቼ ደረሰህ?»

ጓሮ ወጣች፤ ኮባ ቆርጣ ተመለሰች፣
ቅጠሉ እንዳይሰበር ፍም ላይ ለበለበች።
ከአሰንዳቦ፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣ ሣር ለብሶ የመጣ የግቤ ቆሮሶ፣
እኔው የገፈፍኩት፣ እሾሁ ተለቅሞ ፊሌቶ የሆነው፣
ጨው፣ ሎሚ ነካችው፤
ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ ሁለት ፍሬ
ወቅጣ አሸችው፤
ቃሪያ ጣል አርጋ፣ የዕቁብ ብር በሻሿ ጫፍ እንደምትቋጥረው
ቋጥራ አሰረችው፣
ረመጥ ቀበረችው።

ጆሮዬን አቀናሁ።
ዝም።
«ሞቷል» አልኩ።
«ድሮስ በነፍሱ ነበር?» አለች፣ ፍሙን እየቆሰቆሰች።

«እሺ፣ ካልተናገረ በምኑ አውቃለሁ?»
«ቅጠሉን እየው፤ አረንጓዴው ጠፍቶ ጠርዙ ሲኮማተር፣
በጣትህ ጫን ስትለው ሥጋው በገጽ በገጹ ሲገለጥ፣
እሱ ነው ንግግር።»

ፈታችው። እንፋሎቱ መነጽሬን ጋረደው።
ስጠርገው፣ ነጭ ነው።
ዓሣ ነጭ መሆኑን አላውቅም ነበር፤
የማውቀው ቡናማ፣ ሲነክሱት የሚሰበር።
እውነቱን ልናገር፤
የመጀመሪያውን ቀን አልወደድኩትም፤
የግድቡን ጭቃ ሎሚው አልሸሸገውም።
ሁለተኛውን ዓሣ ጨው ውሃ ውስጥ አሳደረችው፣
ያኔ ጭቃው ለቀቀው።

ቅዳሜ በድስት፦ ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ በራሱ ላብ በስሎ፣
ቲማቲም ተከትሎ፣
ዓሣው መጨረሻ፤ ማማሰያ አይነካውም፣ ድስቱን ነው መወዝወዝ፣
መክደን፣ ከእሳት ማውረድ፣ መታገሥ።
እሑድ በወንፊት፣ ከሚፈላ ውሃ በላይ፣ ከጤና አዳም ጋር።
ጭንቅላትና አጥንቱ ሾርባ ሆነ፤
ድመቷ አኮረፈች።

ሐሙስ በኮባ ይዤው ወጣሁ ገበያ።
ለካ ያ ጫጫታ ነበር የእኔ ማስታወቂያ!
ሰው አጠገቤ ያልፋል፣ ያለሁም አይመስለው፤
ረመጥ አይጣራም፣ ቅጠል አፍ የለው።
እስከ ቀትር ተቀመጥኩ።
አባ ፊጣ ብቻ፣ የዱሮ ደንበኛዬ፣ በልማድ መጣና
«ዘይቱስ? ተወደደ?»
«ተወደደ» አልኩት። የልቤን ነገር ለልቤ ተውኩት።
በላ። «የሆነ ነገር ይጎድለዋል» አለ፣
ቅጠሉን እየላሰ።
ሌላ አንድ ጨመረ።

መጥበሻው ግድግዳው ላይ ነው፤ አልሸጥኩትም።
ትናንት ሌሊት ዝናብ መጣ፣ የጅማ ዝናብ፣ ሳያንኳኳ።
ቆርቆሮው ተንጫጫ፣ ሁሉም ተናገረ፣
ቆይቶ ወሬው አለቀ፣ ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነ…
«በስሏል፣ አውጪው» አልኩ በእንቅልፍ ልቤ።
ነጂባ ዞር አለች፦
«ምኑ?»